አምስት መስመር ኔቪካ

የስልክ ማውጫዎቹ ሮካቬንታ የሚደርሱት በግንቦት መጨረሻ ነው። የአውቶቡሱ ሹፌር በገመድ እንደታሰሩ ዶናታ ሱቅ ደጃፍ ላይ ዘፍ ያደርጋቸውና «አክስት ዶናታ፣ ልብ ወለድሽ መጣልሽ!» ብሎ እየሳቀ ይሄዳል። ዶናታም አብራው ትስቃለች። የሰባ ዓመት ሴት ናት። ትንባሆ፣ ጨውና ቴምብር ትሸጣለች፤ ከሱቋ ጥግ ደግሞ የመንደሩ ስልክ አለ፣ ባለ መስታወት በር፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቆም ጠባብ ሳጥን። ቁጥሩን የምታዞረው ግን እሷ ናት፣ ባንኮኒው ላይ ባለው ስልክ። ወዲያ ማዶ ሲነሳ «ግባ፣ ይዤልሃለሁ» ትላለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰውን ሠርግ፣ የሰውን ሞት፣ የሰውን ኩርፊያ እንዲህ ስታገናኝ ኖራለች።

ሹፌሩ ሲሄድ ገመዱን በአይብ ቢላዋ ትቆርጠዋለች። የሮማውን ወደ ጎን ታደርጋለች፣ የናፖሊውን ወደ ጎን ታደርጋለች፣ የሚላኖውን ትገፋለች። የቶሪኖውን ታነሳና መነጽሯን ጠርጋ ትገልጠዋለች። ገጹን ለማግኘት ጣቷን ምራቅ ማስነካት እንኳ አያስፈልጋትም፤ እጇ ለምዶታል። እዚያ ገጽ ላይ፣ በመሃለኛው ረድፍ፣ አምስት መስመር ኔቪካ አለ።

«ሌላው ሰው ሲያረጅ የጸሎት መጽሐፍ ይይዛል» ትላታለች ጁስቲና፣ ጎረቤቷ፣ በር ላይ ካለው ወንበር ሳትነሳ። «አንቺ የሰው ስልክ ቁጥር ታነቢያለሽ። ሰማይ ቤት ስትደርሺ ደውለሽ የምትገቢ መሰለሽ?»

«አንቺ ከደረስሽ ቁጥሩን ላኪልኝ» ትላለች ዶናታ፣ ዓይኗን ከገጹ ሳትነቅል።

ጁስቲና የማታውቀው ነገር ነበር። ማንም አያውቅም።

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ዘጠኙ በረዶ ጊዜ ዶናታ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ያላገባች፣ ሆዷን ስድስት ወር በእናቷ ሰፊ ቀሚስ ውስጥ ደብቃ የከረመች። ልጁን ያስረገዛት ሰው መርከብ ተሳፍሮ ሄዷል፤ የት እንደሄደም አልነገራትም። ሁለት ወንድሞች ነበሯት፣ ሁለቱም ጠብመንጃ የነበራቸው። ምጡ የመጣው አባቷና ወንድሞቿ በበቅሎ እንጨት ሊያወርዱ በሄዱበት ቀን ነው። አዋላጇ ሳቢና መጣች። ወንድ ልጅ ተወለደ። እናቷ ምድጃው አጠገብ ቆማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «አሁኑኑ ውሰጂው» አለች።

ያን ጊዜ እንዲህ ነበር የሚደረገው። አዋላጅ ሕፃኑን አቅፋ በቅሎ በሚጎትተው ጋሪ ወደ ከተማው ማሳደጊያ ታወርደዋለች። እናት ስሟን አትሰጥም። የምትሰጠው ምልክት ነው፣ አንድ ቀን ተመልሳ «የኔ ነው» ለማለት የሚያበቃት ነገር፣ ግማሹ ከልጁ ጋር ይሄዳል፣ ግማሹ እሷ ዘንድ ይቀራል። ዶናታ ቤት ውስጥ ለሁለት ሊከፈል የሚችል ነገር ቢፈለግ አልተገኘም። በመጨረሻ የአባቷን የመጫወቻ ካርታ አንስታ ፈረሰኛውን መዘዘችና መሃል ለመሃል ቆረጠችው። የፈረሱን ጭንቅላት ከልጁ መጠቅለያ ውስጥ ሸጎጠች፤ ጭራውን ጡቷ ስር ደበቀችው። አባቷ ያቺን ካርታ ሁለት ክረምት ሙሉ ፈልጓታል። አብሮት የሚጫወተውን የቀጥቃጭ ቤቱን ሰውዬ ሌባ ብሎት፣ ሁለቱ ሳይነጋገሩ ሞቱ።

በረዶው መንገዱን ዘግቶ ሳቢና የተመለሰችው በአራተኛው ቀን ነው። ዶናታ ምንጩ ዳር ጠበቀቻት።

«ምን አሉት? ስም አወጡለት?»

«የክርስትናውን መነኮሳቱ ያወጣሉ፣ እሱን አላውቅም። የቤተሰብ ስሙን ግን ጸሐፊው ፊቴ ነው የሰጠው። ብዕሩን ይዞ በመስኮት ወደ ውጭ ቢያይ በረዶ ይጥላል። ‹ኔቪካ ይሁን› አለ። በረዶ ይጥላል፣ በቃ፣ ይሄው ነው ስሙ።»

«እንዲህ የሚባል ሰው አለ እንዴ?»

«የለም! እንዳይኖር ነዋ የሚፈለገው። ሕጉ ነው አሉኝ። የሌላ ሰው ቤተሰብ ስም መስጠት ክልክል ነው፣ ለያንዳንዱ ልጅ የራሱ፣ ማንም ያልያዘው። ባገሩ ውስጥ ኔቪካ ቢባል ያንቺ ልጅ ብቻ ነው። አሁን ወደ ቤትሽ ግቢ፣ ጡትሽንም በጨርቅ እሰሪው፣ ቀሚስሽ ረጥቧል።»

ሳቢና በዓመቱ ሞተች። ዶናታ ቆይታ ቴሬንዚዮ የሚባል ደግ ባለሱቅ አገባች፣ ልጅ ግን እንደገና አልመጣላትም። ባሏ «እግዜር አልፈቀደም» እያለ ሲያጽናናት እሷ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር። ስልኩ መንደር ሲገባ፣ ከሱ ጋርም እነዚያ ወፋፍራም ማውጫዎች ሲመጡ፣ ባሏ ከምሳ በኋላ ሲተኛ አንድ በአንድ ታገላብጣቸው ጀመር። ሦስት ዓመት ሙሉ የትም ከተማ ምንም አልነበረም። በአራተኛው ግንቦት፣ ቶሪኖ ላይ፣ አንድ መስመር፦ ኔቪካ ቪቶ። የጨው ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። ቪቶ። ቪቶ ብለውታል። ስልክ ያስገባ ሰው ሥራ አለው ማለት ነው፣ ቤት አለው ማለት ነው፣ በልቶ ያድራል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የሷ ዓመት የሚጀምረው በጥር አልነበረም፣ በግንቦት ነበር። ቪቶ ሁለት ጊዜ ቤት ቀየረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሁለተኛ መስመር መጣ፣ ኔቪካ ሳንድሮ። ልጅ አደረሰ! ከዚያ ኤንዞ፣ ከዚያ ማውሮ፣ አምና ደግሞ ሎሬዳና። በመላ አገሪቱ ማውጫ ውስጥ ኔቪካ የሚባል ሰው እነዚህ አምስቱ ብቻ ናቸው፣ አምስቱም ከሷ ማኅፀን የወጡ። አያት ነበረች፣ ምናልባትም ቅድመ አያት፣ እና የምትነግረው ሰው አልነበራትም። ለማውሮ ስም ሻማ አበራች። ለሎሬዳና አንሶላ ጠልፋ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች፣ ለማን ነው ቢሏት «ለጅብ» አለች።

አልደወለችም። ቴሬንዚዮ በሕይወት እያለ ለሱ ስትል፣ ከሞተ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ደግሞ ፈርታ። «ሃሎ» ሲል ምን ትበለው? በየእሁዱ፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሲሄድ፣ እጀታውን ታነሳና የቶሪኖን ኮድ ታዞራለች፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ ታዞራለች፣ የመጨረሻዋ ዘጠኝ ስትቀር ትሰቅለዋለች። ዘጠኝን ለማዞር ጣቷ ረጅም መንገድ መሄድ ነበረበት፤ አንድም ቀን አልሄደም።

ሰውየው የመጣው በነሐሴ፣ ድንጋዩ በሚግልበት ከሰዓት ነው። አንድ እጁ ላይ የቆዳ ቦርሳ፣ ሌላው ላይ በወርቅማ ወረቀት የተጠቀለለ የቸኮላት ሳጥን ይዟል። ወፍራም ነው፣ ራሰ በራ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ጁስቲና በር ላይ ባቄላ እየፈለፈለች ነበር።

«የማን ነህ አንተ?» አለችው።

ሮካቬንታ ውስጥ እንግዳን ስምህ ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የማን ነህ ነው የሚባለው። መልሱም አባትህ፣ አያትህ፣ ሰዎቹ የሚጠሩበት ቅጽል ስም ነው፣ ከዚያ ወንበር ይሰጥሃል፣ ወይም አይሰጥህም።

ሰውየው ላቡን ጠርጎ ሳቀ። «እሱን ልጠይቅ ነው ከቶሪኖ ድረስ የመጣሁት፣ ሲኞራ።»

«እንዴት ነው የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው?»

«ማሳደጊያ ነው ያደግሁት። ኔቪካ እባላለሁ። ቪቶ ኔቪካ።»

ዶናታ ባንኮኒው ጀርባ የውሃ ገንቦ ይዛ ነበር። አልጣለችውም፤ ቀስ ብላ አስቀመጠችው፣ ከዚያ እጇን ገንቦው ላይ እንዳደረገች ቀረች። ጸጉር ይኖረዋል ብላ ነበር የምታስበው። ጆሮው ግን፣ እሱ ወደ ውጭ የወጣ ጆሮ፣ የአባቷ ጆሮ ነው። ቁርጥ የአባቷ። እንዴት ሌላ ሰው አያየውም?

«ኔቪካ?» አለች ጁስቲና። «እሱ ደግሞ ምን ዓይነት ስም ነው? በነሐሴ በረዶ! በል ግባ፣ ሳትቀልጥ።»

«ጁስቲና» አለች ዶናታ፣ «ለማታ ጸሎት ተደውሏል።»

«የት ተደወለ? ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«ዶሮዎችሽ ወጥተዋል።»

«ዶሮዎቼን እኮ በፋሲካ አርጄያቸዋለሁ! ምን ሆነሻል አንቺ ዛሬ?» አለችና የጓደኛዋን ፊት አየች። ሳትወድ በግድ ባቄላዋን ሰብስባ ተነሳች። ወሬውን ለመንደሩ ቀድማ ለማድረስ ስለምትፈልግም ብዙ አልተከራከረችም።

ዶናታ ውሃ ቀዳችለት፣ ወንበር አቀረበችለት። ብርጭቆውን ሲያነሳ የቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት ጫፉ የለም። ሃያ ሦስት ዓመት ስሙን ስታነብ ጣቱ እንደተቆረጠ አላወቀችም፣ ማውጫው አይጽፈውም።

«ያመሃል?» አለችው ሳታስበው፣ አንተ ብላ።

«ይሄ? ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ድሮ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሚስቴ ማሪዛ ‹ቤት ውስጥ ቁጭ ብለህ ከምታናድደኝ ሂድና እናትህን ፈልግ› አለችኝ።» ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ተወው። «የሚገርምዎ ነገር ልንገርዎ? እኔ ባለፍኩበት ከተማ ሁሉ ፖስታ ቤት ገብቼ የስልክ ማውጫ አያለሁ። ሌላ ኔቪካ አለ ወይ ብዬ። አንድም የለም። ያለነው አምስት ነን፣ አምስቱም እኔና የኔ ጣጣዎች። ሎሬዳና የወንድሞቿ ስም ተጽፎ የኔ ሊቀር ነው ብላ እኔን አባቷን ለምና ነው ያስገባችው።»

«ቆንጆ ስም ነው፣ ሎሬዳና» አለች ዶናታ። ድምፅዋ ከየት እንደመጣ አላወቀችም።

«እናቴ ብትኖር ሰባ፣ ሰባ አምስት ይሆናታል። ልወቅሳት አይደለም። ይሄን» አለና ሳጥኑን ነካው፣ «ቸኮላት ነው፣ የኛ አገር። እስካሁን ቀልጦ ሾርባ ሆኗል። ሁለት መንደር ይዤው ዞርኩ። ሦስተኛው ይሄ ነው፣ ከዚህ ሌላ የለም።»

አሁን ልንገረው፣ አለች በልቧ። ጭራው መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ከቴምብሮቹ ስር፣ በሰም ወረቀት ተጠቅልሎ። አውጥቼ ባንኮኒው ላይ ላስቀምጠው፣ ሌላ ምንም አልናገር። እጇ ወደ መሳቢያው ሄደ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ያልተሰማት ደስታ ደረቷን ሞልቶት ነበር።

«ለምንድነው ሦስት መንደር የዞርከው?» ብላ ጠየቀችው፣ እጇ እዚያው እንዳለ። «መዝገቡ መንደርህን አይልም?»

«አይልም። በደንብ አልጻፉትም። ይኸው ገልብጠው ሰጥተውኛል» አለና ከቦርሳው አንድ ወረቀት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። «የዚያን ዕለት ከሦስት መንደር ሦስት አዋላጆች በአንድ ጋሪ ነው የወረዱት፣ በበረዶው ምክንያት። ሕፃናቱ ሦስት ነበሩ። የቱ ከየትኛው መንደር እንደሆነ አልለዩም። ጸሐፊው ደግሞ፣ ይሄን ቢያዩ ይስቃሉ፣ ለያንዳንዱ የተለየ ስም መስጠት ነበረበት፣ ሕጉ ነው። እሱ ግን አንዴ በመስኮት ያየውን በረዶ ለሦስታችንም ጻፈው። በርዶት ነበር መሰለኝ፣ ሌላ ስም ማሰብ አልፈለገም። እዚያ ያለችው ሠራተኛ እንደነገረችኝ ልማዱ ነበር፤ ዝናብ የዘነበ ዕለት የገቡትን ሁሉ በዝናብ ነው የሚጠራቸው።»

የዶናታ እጅ መሳቢያው ላይ ቆመ።

«ሦስት?» አለች።

«ሦስት ኔቪካ። ልጅቱ አሱንታ ትባላለች፣ መነኮሰች አሉ፣ ስሟን ቀየረች፣ ሞተች። እኔ መሃለኛው ነኝ፣ ይኸው። ‹ወንድ። ምልክት፦ ቀኝ እጁ ላይ ሰማያዊ ክር።› እና የምጠይቀው ይሄን ነው፣ አክስቴ፤ እዚህ መንደር ያን ጊዜ ሰማያዊ ክር ያሰረች ሴት፣ ወይም ስለ እሱ የምታውቅ ሰው ትኖር እንደሆነ።»

እሷ ክር አላሰረችም። ሳቢና አስራለት ይሆናል፣ መንገድ ላይ፣ እንዳይቀላቀሉ። አዎ፣ ሳቢና ናት። «የመጀመሪያውን አንብብልኝ» አለች። «ፊደሉ አይታየኝም።»

«እሱ ምስኪን?» ቪቶ ወረቀቱን ራቅ አደረገ። «‹ኔቪካ ኤሊጆ። ወንድ። ምልክት፦ ግማሽ የመጫወቻ ካርታ፣ የፈረስ ጭንቅላት ያለበት።› ከዚያ ዳር ላይ ሌላ ሰው በሌላ ቀለም ጽፎበታል። ‹አጥቢ ሞግዚት ቤት ሳለ በአርባኛው ቀኑ በሳንባ ምች ሞተ።› በቃ፣ የሱ ይሄው ነው።»

ውጭ አንድ ሞተር ብስክሌት አለፈ። ዶናታ ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቀች። አርባ ቀን። ጡቷ በጨርቅ ታስሮ ወተቱ ሌሊት ሌሊት አንሶላዋን እያራሰው፣ እናቷ በየጠዋቱ ድርቆሽ ላይ እያሰጣችው፣ እሷ ደግሞ «በረደው ይሆን?» እያለች፤ በርዶት ነበር። በርዶት ሞቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ሃያ ሦስቱ ግንቦት፣ የማውሮ ሻማ፣ የሎሬዳና አንሶላ፣ የሌላ ሴት ነበር። የራሷን ልጅ ስም እስከዛሬ በልቧ እንኳ ጠርታው አታውቅም። ኤሊጆ ሲባል ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ነበር።

ቪቶ ወረቀቱን ትቶ እያያት ነው። «አመመዎት? አክስቴ?» ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፣ ቀስ ብሎ፣ የሆነ ነገር እንዳይደነብርበት የሚፈራ ሰው ይመስል። «የሚያውቁት ነገር አለ። አይደለም? ያውቃሉ።»

እሱ ራሱ ነግሯታል። ክሩን፣ ቀለሙን፣ የታሰረበትን እጅ። «ሰማያዊ ነበር፣ ከቀሚሴ ጫፍ የመዘዝኩት» ብትል አለቀ። ማን ይከራከራታል? ያቺ እውነተኛዋ ሴት ይሄኔ ሞታለች። ይሄ ሰው እናት ያገኛል፣ እሷ አምስት መስመር ሙሉ ልጅና የልጅ ልጅ ታገኛለች፣ ገና በዓል ቶሪኖ ትሄዳለች፣ የምትቀበርበት ዕለት ከሬሳ ሳጥኗ ኋላ የሚቆም ሰው ይኖራታል። ጆሮውን አየችው። የአባቷ ጆሮ አልነበረም፣ ማንም ሰው ያለው ጆሮ ነው። ቢሆንስ? ትወደዋለች። ሃያ ሦስት ዓመት ወዳዋለች፣ ይሄን ማንም አይወስድባትም።

አፏን ከፈተች። ግን ከላይ ያለው መስመር አለ። አርባ ቀን የኖረው። ስለ እሱ የምትጠይቅ በዓለም ላይ አንድ ሴት ናት፤ እሷ ዛሬ የመሃለኛውን «የኔ ነው» ካለች የመጀመሪያው ማንም የለውም። አንዴ ጥላዋለች፣ ፈርታ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቷ። አሁን ግን ማንም ጠብመንጃ አልያዘባትም።

«አላውቅም» አለች። «ሰማያዊ ክር አላውቅም፣ ልጄ። እዚህ መንደር እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም።»

ቪቶ ቁጭ አለ። ወረቀቱን በአራት አጠፈው፣ ከዚያ እንደገና በስምንት። ትልቅ ሰው ሲያዝን ፊቱ ሕፃን ይሆናል፤ የሱም ሆነ።

«እሺ» አለ። «ማሪዛ እየጠበቀች ነው። ደውዬ ልንገራት። የአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ነው አይደል የመጨረሻው? በሱ ልሂድ። ይደውሉልኝ?»

«ሳጥኑ ውስጥ ግባ» አለች ዶናታ።

እጀታውን አነሳች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ምንም አያይም፣ ጣቷ ግን ማየት አያስፈልገውም። የቶሪኖን ኮድ አዞረች። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አዞረች። የመጨረሻዋ ስትደርስ ጣቷ እንደ ልማዱ ቆመ፣ ከዚያ ዘጠኝን ይዞ እስከ ጥጉ ሄደ። ወዲያ ማዶ መጥራት ጀመረ።

«ግባ፣ ይጠራል» አለች።

ቪቶ አልገባም። የመስታወቱን በር ይዞ ቆሟል።

«ቁጥሬን አልሰጠሁዎትም እኮ» አለ።

ስልኩ ይጠራል።

«ቁጥሬን ከየት አወቁት? ማውጫ አልገለጡም፣ አልጠየቁኝም።» ፊቱ ተለዋወጠ። «በቃልዎ ነው ያዞሩት። እናቴ ነዎት። እናቴ ሆነው ነው ‹አላውቅም› የሚሉኝ! ምን አደረግሁዎት? አልወቅስዎትም አልኩ እኮ፣ ምንም አልጠይቅዎትም!»

«አይደለሁም» አለች። «ብሆን ኖሮ፣ ቪቶ፣ ብሆን ኖሮ በጉልበቴ ድሄ ቶሪኖ እመጣ ነበር። ልጄ ነህ ብዬ ኖሬአለሁ። ዛሬ አንተ እስክታነብልኝ ድረስ ነህ ብዬ ነው የኖርኩት።» መሳቢያውን ሳበችና ከቴምብሮቹ ስር የሰም ወረቀቱን አወጣች። መፍታት አቃታት፤ እሱ ፈታው።

የፈረስ ጀርባ፣ የፈረስ ጭራ፣ ሁለት የኋላ እግር፤ መሃል ለመሃል በመቀስ የተቆረጠ።

«የመጀመሪያው» አለች። «አርባ ቀን የኖረው የኔ ነው።»

ቪቶ ካርታዋን መዳፉ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ከእጀታው ውስጥ የሴት ድምፅ «ሃሎ? ሃሎ? ማነው?» እያለ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ልትሰማው የፈራችው የዚያ ቤት ስልክ ይሄው ተነስቷል። እሱ ወደ ሳጥኑ አልገባም፤ እጀታውን ከባንኮኒው ላይ፣ ከእጇ ተቀበለ።

«ማሪዛ። እኔ ነኝ። አላገኘኋትም» አለ። ቆየ። «የለም፣ ደህና ነኝ። የማለቅሰው... ቆይ ልንገርሽ። ከኔ ጋር በጋሪው የነበረውን ልጅ ታስታውሻለሽ፣ አጠገቤ የተጻፈውን? የሱ እናት አለች። አጠገቤ ናት። እሷ እኮ ፍለጋ ላይ ነበረች፣ ማሪዛ፣ ያገኘችው ግን እኛን ነው።» ከዚያ ማውራት አልቻለም፤ እጀታውን ሰቀለው።

በአሥራ አንዱ አውቶቡስ ሄደ። ከመሄዱ በፊት በገና እንደሚደውል ነገራት። ይደውላልም ይሆናል፣ ደግ ሰው ነው፤ እሷ ግን የሌላ ሰው ልጅ መሆኑን አሁን ታውቃለች፣ ከዚህ በኋላ ሳታውቀው የምትኖርበት መንገድ የለም። የቸኮላቱን ሳጥን ባንኮኒው ላይ ትቶት ነበር። «ለእናቴ ያመጣሁት ነው፣ መልሼ አልወስደውም» አለ። «የኤሊጆ እናት ትብላው።»

ጁስቲና መንደሩን አዳርሳ ስትመለስ ዶናታ መብራቱን ገና አላበራችም።

«የማን ሆኖ ተገኘ ሰውየው?» አለች ከበር ላይ።

«የሌላ ሰው» አለች ዶናታ።

ጁስቲና ልትቀልድ አፏን ከፍታ ነበር፤ የዶናታን ዓይን አይታ ዘጋችው። ገብታ ቁጭ አለች፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ዶናታ የቶሪኖውን ማውጫ ሳበችና ገጹን ገለጠችው። ኤንዞ፣ ሎሬዳና፣ ማውሮ፣ ሳንድሮ፣ ቪቶ። አንድ በአንድ በጣቷ ነካቻቸው፤ ከዚያ ከጆሮዋ ጀርባ እርሳሷን አውጥታ፣ ከኤንዞ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍት ቦታ፣ ፊደሎቹን አሳንሳ፣ ማተሚያው እንደሚጽፈው አድርጋ ጻፈች፦ ኔቪካ ኤሊጆ። የመንገዱን ስም አታውቅም፤ የተቀበረበትን ማንም አልጻፈውም። ቁጥር የሚገባበትን ቦታ ባዶውን ተወችው።